አባቴ ሳይሞት የተላጨሁት ፀጉር

ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ ሰው ሁሉ ወጥ ይሸተዋል። እኔን የሚሸተኝ የራሴ ጭንቅላት ነው። ይኸው አሁንም ከፀጉር ቤቴ ጎን ያለችው ምግብ ሻጭ ሙቀጫዋን ማንኳኳት ስትጀምር፣ እጄ ሳላዘው ከጆሮዬ በላይ ወዳለችው ቦታ ሄደ። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቦታ ናት፤ ፀጉር አይበቅልባትም። ዙሪያዋን ያለው ስለሚሸፍናት ሰው አያያትም፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ አገኛታለሁ።

አንቺ ደግሞ በዚህ ሽታ መሀል ማበጠሪያሽን በሶፍት ጠቅልለሽ ገባሽ። ፈታ አድርገሽ ጥርሶቹ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር አሳየሽኝና "ምን ልቀባው?" አልሽኝ። እዚህ ሳሪስ አቦ ድረስ ፀጉሩን ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። እነግርሻለሁ። ግን መጀመሪያ በቁሙ ስለተለቀሰለት አባቴ ላጫውትሽ። ተቀመጪ፤ ፀጉርሽ እስከዚያ አያልቅም።

ያደግኩት አቃቂ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ግቢ ውስጥ። ሰዓት የምናውቀው በጆሯችን ነበር፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለወጥ ይጮኻል፣ ባቡሩ ሲመጣ ይጮኻል። ጠዋት ከወንዙ በኩል እንደ ረጠበ ቆዳ ያለ ሽታ ይመጣል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ባሕር ዛፍ። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ነበር። ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ይቆያል፣ ይመለሳል። ሲመለስ ልብሱ ናፍጣና የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ትልቅ ሰው ነበር፤ ድምፁም ትልቅ፣ ቁጣውም ትልቅ። የሥራ ኮፍያውን ከራሱ ላይ ሲያወርድ ያየ ጎረቤት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ ከቅጥሩ ውጭ፣ ሰው ከሌለበት ጥግ ቆሞ ነበር የሚሳለመው።

ፀጉሬን ይወድ ነበር። ይወድ ነበር ማለት አይገልጸውም፤ የራሱ ንብረት ነበር የሚመስለው። ረጅም ነበር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲፈታ ወንበር ላይ ተቀምጬ መቀመጫዬ ድረስ የሚደርስ። "ይሄ የእናቴ ፀጉር ነው" ይል ነበር። "አደራ ሰጥቼሽ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።" ከድሬዳዋ በመጣ ቁጥር ቢራቢሮ የሚመስል የፀጉር መቆንጠጫ፣ ባለቀለም ማበጠሪያ፣ የማይመጣ ነገር አልነበረም። ታዲያ አንድ ጊዜ ከወዲያ ሰፈር ያለች ልጅ ለማማር ብላ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣ በደጃችን ስታልፍ አየና፣ ምሳ ቀርቦለት እጁን ሳይታጠብ እስኪቀር ድረስ ተናደደ። "አባቷ በቁሙ እያለ የተላጨች ልጅ" አለ ለእናቴ፣ "ሲሞት ምን ልታደርግለት ነው?"

አንቺ የዛሬ ልጅ ነሽ፤ ሴት አጭር ተቆርጣ ስታይ ፋሽን ነው ትያለሽ። ያኔ በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ከተላጨች አንድ ነገር ብቻ ነበር ትርጉሙ፤ አባት ወይም እናት፣ ባል ወይም ልጅ ሞቷል። ሰው ሳይሞት መላጨት ሞትን ስሙን ጠርቶ መጥራት ነው። የአባቴን ንግግር እኔም ሰማሁ፣ እናቴም ሰማች። ሁለታችንም አልረሳነውም።

ፀጉር የሚሠሩልን እትዬ ነበሩ። ስማቸውን የጠራ ሰው አላስታውስም፤ ለትልቁም ለትንሹም እትዬ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፋቸው ላይ ዱካ ላይ ይቀመጡና የግቢውን ሴት ልጆች በየተራ ጉልበታቸው መሀል ያስገባሉ። ጣታቸው ቀጭን ነው፣ ግን ሽቦ ነው። ከግንባር ጀምረው ሲስቡ ዓይናችን ወደ ጆሯችን ይሄዳል። ካለቀስን በማበጠሪያው ጀርባ ጭንቅላታችንን ኳ ያደርጉና "ሹሩባ ካላመመ ሹሩባ አይባልም" ይላሉ። እውነትም እትዬ የሠሩት ሹሩባ አንድ ወር ሳይላላ ይቆያል። እናቶች በዚያ ይኮሩ ነበር።

በዚያን ዓመት ክረምት ታይፎይድ ያዘኝ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ፣ እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር ስቃዥ፣ እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ግንባሬን ስትጠርግ ትዝ ይለኛል። ዳንኩ፣ ትምህርት ተከፈተ፣ መስቀል አለፈ፣ ሕመሜን ሁሉም ረሳው። ጥቅምት ላይ ነው ፀጉሬ መራገፍ የጀመረው። መጀመሪያ ትራሴ ላይ፣ ከዚያ ዩኒፎርሜ ትከሻ ላይ፣ ከዚያ እትዬ ሲያበጥሩኝ በእፍኝ። የግንባሬ ዳርና ዳር እየሸሸ ሄደ፤ እዚያ ላይ ቆዳዬ እንደ ተወለወለ ሳህን ያብረቀርቅ ነበር።

ግቢው ሸንጎ ተቀመጠ። ምክንያት ያልነበረው ሰው አልነበረም። አንዷ የሰው ዓይን ነው አለች፤ ያን የመሰለ ፀጉር በአደባባይ ፈትቶ ማድረቅ ምን ይሉታል ብላ እናቴን ወቀሰች። ሌላዋ ያበጠርነውን ፀጉር ደጅ ጥለን ወፍ ጎጆ ሠርታበት ነው አለች፤ ወፏ እስክትፈለፍል ድረስ መርገፉ እንደማይቆም አስረዳችን፣ እኔም ጥላዬን ይዤ በየዛፉ ሥር ጎጆ ስፈልግ ሰነበትኩ። ወንዝ ወርደሽ ታጥበሻል ያለኝም ነበር። እትዬ ደግሞ ቅቤ ነሥታችኋት ነው አሉና ፈረዱ። ከሁሉም በላይ የደነቀኝ፣ እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ "ታምማ አልነበር እንዴ?" ያለ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። እናቴም አላለችም። አልፈርድባትም፤ በሽታው ያለፈ ነገር ነበር፣ ፀጉሩ ደግሞ ዛሬ እጇ ላይ ያለ።

ምክንያቱ ሲበዛ መድኃኒቱም በዛ። ቅቤ ተቀባሁ፤ ፀሐይ ላይ ሲቀልጥ በጆሮዬ ሥር እየወረደ ኮሌታዬን አበላሸው። እንቁላል ተቀባሁ፤ እናቴ ውሃውን አሙቃ ስላጠበችኝ ራሴ ላይ ጠብሰን አወጣነው። አብሽ ዘፍዝፈን ዝልግልጉን ቀባን። እሬት ገምሰን ያን መራራ ውሃውን ቀባን፤ እሱ እንኳ ቀዝቃዛ ነበር፣ ደግ ነበር። የማእዘኑ ባለሱቅ፣ የስልጤ ሰው ነው፣ እናቴ ዘይት ልትገዛ ስትሄድ ነገሩን ሰምቶ በትንሽ ብልቃጥ ጥቁር አዝሙድ ዘይት ሰጣት። ይህ ነገር ከሞት በቀር የማያድነው የለም ይባላል ብሎ ማለላት። "ፀጉር ደግሞ ሞት አይደለም" አለና የብልቃጡን ዋጋ አልቀበል አለ።

ሁሉም ደህና ነበር። ያጠፋኝ ሽንኩርቱ ነው። እትዬ አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው መጡና የሸሸውን የግንባሬን ዳር እስከ ጆሮዬ በላይ ድረስ አሹት፤ እስኪያቃጥላት ድረስ ነው የሚታሸው፣ የተኛው ሥር የሚነቃው ሲቃጠል ነው አሉ። ከላይ በፌስታል ጠፍረው አሰሩት። እኔ እግሬን እያርገፈገፍኩ ሳለቅስ እትዬ ደስ አላቸው። "ያዘ" አሉ ለእናቴ። "ይኸው እየያዘ ነው።" ሲፈታ ቆዳዬ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ለመድገም ግን ማንም ወደኋላ አላለም፤ ያመመ ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው በሚባልበት ሰፈር ነው ያደግኩት።

ትምህርት ቤት ስም ወጣልኝ፤ ቁሌት። በር ላይ ስደርስ አንዱ አየሩን እያሸተተ "ቁሌቷ መጣች፣ እንጀራ ያለው" ይላል። ሻሽ አሰርኩ፤ ሻሹን ጎተቱት። ቁስሉ ላይ የተጣበቀው ፀጉር አብሮ ተጎተተ። በማግስቱ ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ቤት ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ባቡር በጮኸ ቁጥር ሻሼን አጠብቅ ነበር። አባቴ መጥቶ የእናቱን ፀጉር ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?

እናቴ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ የገባት ትራሴ ላይ መግል ስታይ ነው። ለማንም ሳትናገር እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ነርሷ ወጣት ነበረች። ገና ስንገባ አፍንጫዋን ነፋ አድርጋ "ምሳ ቋጥራችሁ ነው?" አለች። ሻሼን ስትፈታ ግን ሳቋ ጠፋ። ምን ቀባችሁ አላለችንም። ክረምቱን እንዴት ነበርሽ፣ ታምመሽ ነበር ወይ፣ ምን ትበያለሽ፣ ሹሩባሽን ማን ነው የሚሠራሽ፣ ስትሠሪ ያምሻል ወይ እያለች ጠየቀችኝ። የዓይኔን ሥር ዝቅ አድርጋ አየች። ጣቴን ወግታ ደሜን ለምርመራ ላከችው።

ውጤቱ ሲመጣ ለእናቴ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ታናሽ እህት ነገረቻት። ከባድ ትኩሳት የያዘው ሰው ከዳነ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ፀጉሩ ሊራገፍ ይችላል፤ እሱ በራሱ ይመለሳል። ደሟ አንሷል፤ ለዚህ ክኒን እሰጣታለሁ፣ ምስርና ጎመን ሳትሰስቺ አብያት። የግንባሯ ዳር ግን የተነቀለው በሹሩባው ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲሳብ ሲሳብ ሥሩ ደክሟል። ይሄ ቁስል ደግሞ የሽንኩርቱ ነው። አሁን የቀረው ፀጉር ቁስሉ ላይ እየተጣበቀ ነውና ተላጭቶ ቆዳው ይተንፍስ።

እናቴ ሌላውን ሁሉ እሺ እያለች ስትሰማ ቆይታ እዚህ ላይ ቀና አለች።

"አባቷ በሕይወት አለ" አለች።

"የምንቆርጠው ፀጉሯን ነው" አለች ነርሷ። "አባቷን አይደለም።"

ወደ ቤት ስንመለስ በሐዲዱ ዳር ነው የመጣነው። እናቴ ነጠላዋን ትፈታለች፣ ታስራለች፣ ደግሞ ትፈታለች። ባቡሩ በዚያ ሳምንት መምጣት ነበረበት፣ አልመጣም። መዘግየቱ የተለመደ ስለነበር ያሰበበት አልነበረም። ቤት ስንደርስ በሩን ዘጋች፣ ውሃ አሞቀች፣ ከሳጥኗ መቀስና ምላጭ አወጣች።

"እማዬ፣ አባዬ ቢሞትስ?" አልኳት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከልቤ ነው የጠየቅኳት።

እጇ ቆመ። ፊት ለፊቴ መጥታ ቁጢጥ አለችና ዓይኔን አየችኝ። "አባትሽ ፀጉርሽ ላይ የተንጠለጠለ ሰው አይደለም" አለች። "እሱ ካልገባው እኔ አስረዳዋለሁ። ካልሰማኝም አይስማ።"

እናቴ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። መቀሱ ሲንኳኳ፣ ፀጉሩ ጭኔ ላይ ሲወድቅ፣ የሳሙናው አረፋ በጆሮዬ ሲወርድ ራሴን ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። ስታበቃ ትንሿን መስታወት ሰጠችኝ። ያየሁት ጭንቅላት የእኔ አልመስል አለኝ፤ ጆሮዬ ብቻ ቀርቶ ነበር የማውቀው። ከዚህ ቤት ዳግመኛ አልወጣም አልኳት። ትምህርትም፣ ደጅም፣ የትም።

እናቴ መስታወቱን ወሰደችብኝ። ከዚያ ሻሿን ጎትታ አወለቀችና የራሷን ሹሩባ መፍታት ጀመረች። መሀል መሀሉን የሸበተ፣ ለስላሳ ፀጉር ነበራት። ፈትታ ጨረሰችና መቀሱን ወደ እኔ ዘረጋችው። "በይ፣ ተራሽ ነው" አለች። መቀሱን ተቀብዬ ቆምኩ። "ቁረጪ እንጂ። እስቲ ማንኛችንን እንደሚጠቁሙ አያለሁ።"

ቆረጥኳት። አንዱ ጎን ከፍ፣ አንዱ ጎን ዝቅ ብሎ፣ አይጥ የበላው ቁርበት አስመሰልኳት። ስንተያይ መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሬቱን ገምሳ ራሴን እየቀባችኝ፣ "ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ፤ ካልጠየቁኝ ማንም አባቱ አያገባውም" አለች። ከዚያ ባልዲዋን አንሥታ፣ ነጠላ ሳትከናነብ፣ ራቁት ራሷን ወደ ቦኖ ውሃ ሄደች።

እናቴ የረሳችው አንድ ነገር ነበር። የተላጨች ሴት አትጠየቅም። ማን ሞተብሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ አይቶ መረዳት ነው ያለ። ቦኖው ላይ የነበሩት ሴቶች ሲያዩዋት ወሬያቸው ተቆረጠ። ባልዲያቸውን ወደ ጎን አድርገው ወረፋ ለቀቁላት። አንዷ ሞልታላት እስከ ግቢው በር ተሸከመችላት። እናቴ ገብታ "ዛሬ ሰዉ ምን ነክቶታል?" አለችኝ፤ ደስ ብሏት ነበር። "እኔማ ይስቁብኛል ብዬ ነበር።"

ብዙም አልቆየ። እትዬ በራችን ላይ ቆሙ። መጀመሪያ እናቴን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው "ወይኔ ወንድሜን!" አሉና ደረታቸውን መቱ። ከኋላቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ያደገደጉ ሴቶች ገቡ። ባቡሩ ቀርቷል፣ ሚስትየውና ልጅየው ተላጭተዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? መርዶውን ለብቻችን ሰምተን፣ ጎረቤት ሳንነግር፣ በር ዘግተን ማልቀሳችን አሳዝኗቸው ነበር። "እኛ ምን አደረግንሽ? ሐዘንሽን ትደብቂናለሽ?" አሏት እናቴን እያቀፉ።

እናቴ ደግሞ በሌላ በኩል ተረዳችው። ሰፈር በሙሉ እያለቀሰ ቤቷ ሲገባ ምን ታስብ? እነሱ ሰምተው የመጡ መሰላት። "ምን ሆነ? የት ላይ ነው?" ብላ ጮኸችና መሬት ላይ ተቀመጠች። እነሱም ይህን ሲያዩ ሐዘኑ አዲስ ሆነባትና አብረው ጮኹ። ይኸውልሽ፣ እነሱ እሷን አምነው፣ እሷ እነሱን አምና፣ አንድ የሞተ ሰው በሌለበት ግቢው በእንባ ታጠበ። ወንዶቹ የእድሩን ድንኳን እንጨት ተሸክመው ሲገቡ በመስኮቱ አየሁ። ጥሩንባ ነፊው ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣ፤ ድምፁ ከሩቅ መጣ። እትዬ ሙሾ አወረዱ፤

"ያን ረጅም ሐዲድ ሲሄድ የኖረው፣
ደጁ ላይ ሊደርስ ሲል ምነው ቀረ ምነው።"

እኔ አልጋ ሥር ነበርኩ። ማንም የማያውቀውን አውቅ ነበርና፤ አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሳይሞት ተላጭቼበት ሞተ። እናቴ ፀጉሬን በፌስታል ቋጥራ አልጋው ሥር አስቀምጣው ነበር። ፈታሁት። በእፍኜ እያወጣሁ ራሴ ላይ አስቀመጥኩት፤ ይወድቃል፣ ደግሜ አስቀምጠዋለሁ። እሬቱ ስላልደረቀ ትንሽ ትንሹ ይጣበቅ ነበር፤ ያ ተስፋ ሰጠኝ። ልጅ ነበርኩ። ፀጉሩ ከተመለሰ አባቴም ይመለሳል ብዬ ነው።

ከዚያ ውጭው ዝም አለ። ልቅሶ በአንድ ጊዜ ሲቆም ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራል። ከአልጋው ሥር ወጥቼ በበሩ ክፍተት አየሁ።

አባቴ በግቢው በር ላይ ቆሟል፣ የብርቱካን ጆንያ ትከሻው ላይ። ባቡሩ አዋሽ በረሃ ላይ ተበላሽቶ ቆሞባቸው ነው የዘገየው። ድንኳኑን የሚተክሉት ሰዎች ካስማውን እንደያዙ ደርቀዋል፤ አንዱ አማተበ። አባቴ ግን እነሱን አላያቸውም። ደጁ ላይ ድንኳን ነው ያየው፣ ከቤቱ ለቅሶ ነው የሰማው። ጆንያው ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀ፣ ብርቱካኑ በጭቃው ላይ ተንከባለለ።

"ማንኛዋ ናት?" አለ።

ያ ትልቅ ድምፁ አልነበረም። ማንም አልመለሰለትም፤ ሙት ሲናገር ማን ይመልሳል? ሴቶቹ መሀል ለመሀል ተከፈሉለትና እናቴን አያት፣ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ተላጭታ። እሷ ካለች የሞተው ሌላ ነው። እሷ የተላጨችው ለማን እንደሆነ ገባው። ኮፍያውን ከራሱ ላይ ጎትቶ አወለቀ፤ ያን ጊዜ ነው ግቢው በሙሉ አባቴ ራሰ በራ መሆኑን ያወቀው። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

"ልጄን ነው?" አለ።

በሩን ገፍቼ ወጣሁ። ራሴ ላይ እዚህም እዚያም የተጣበቀ ፀጉር፣ በእጄ የቀረው፤ ምን እንደምመስል አንቺው አስቢው። ሰዎቹ ወደኋላ ሸሹ። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ብዙ ነገር ልለው ነበር፣ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ ሽንኩርቱ። የወጣኝ ግን ሌላ ነው።

"አባዬ፣ ሳትሞት ተላጨሁ።"

አየኝ። በዚያ በናፍጣ በጠቆረ እጁ ራሴን በሁለት በኩል ያዘና የተጣበቀውን ፀጉር በአውራ ጣቱ አራገፈው። ከዚያ አፍንጫውን መሀል ራሴ ላይ አድርጎ አሸተተኝ።

"ነጭ ሽንኩርት ነው የምትሸቺው" አለና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሳቅ ያልቅስ እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴ መጥታ ጀርባውን በቡጢ መታችው፣ ደጋግማ፣ የት ነበርክ የት ነበርክ እያለች፤ ከዚያ እሷም ላዩ ላይ ወደቀች።

ነገሩ ሲብራራ የሳቀው ሳቀ፣ የተቆጣውም ተቆጣ። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ ልጅ በአባቷ ላይ ሟርት እንዳመጣች፣ ቄስ ተጠርቶ ቤቱ ፀበል መረጨት እንዳለበት ተናገሩ። ሰው ሁሉ አባቴን ተመለከተ። እኔ ሱሪውን ጨብጬ ነበር። ያ በሌላ ሰው ልጅ ፀጉር እጁን ሳይታጠብ የተቆጣ ሰው ምን እንደሚል መጠበቅ፣ ልጄ፣ ከሽንኩርቱ በላይ ያቃጥል ነበር።

አባቴ ኮፍያውን ሊያጠልቅ አነሣና መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

"ሟርት ከሆነ በእኔ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ይኸው አለሁ" አለ። "ልጄ ተላጭታልኛለች፣ እናንተም አልቅሳችሁልኛል፣ አይቻለሁ፣ ኮርቻለሁ። ዕዳችሁን ከፍላችኋል። ሌላ ጊዜ ስሞት ማንም መቀስ ይዞ ወደዚህች ልጅ እንዳይጠጋ።"

"ሌላ ጊዜ ስሞት" ሲል ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ። ለለቅሶ የመጣው ንፍሮ ከብርቱካኑ ጋር ተበላ። እትዬ ግን አንድ ጥግ ተቀምጠው አንድም ፍሬ አልቀመሱም። ነርሷ ያለችውን እናቴ ስትናገር ሰምተው ነበር።

ሰኞ ዕለት አባቴ ትምህርት ቤት አደረሰኝ፤ እኔ ያለ ሻሽ፣ እሱ ያለ ኮፍያ፣ ሁለት ራቁት ራስ በዋናው መንገድ። ፀሐዩ ራሳችን ላይ ሲያርፍ ይሰማኝ ነበር። በሩ ላይ ያ ልጅ "ቁሌት ተላጨች" ሲል ዞርኩለት። "አዎ፣ ቁሌት ነኝ" አልኩት። "የእኔ አባት ሞቶ ተነሥቷል። ያንተስ?" ከዚያ በኋላ ያን ስም የጠራኝ የለም።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ከመንገድ በመጣ ቁጥር መቆንጠጫ ሳይሆን በጠርሙስ የጉሎ ዘይት ይዞ ይመጣ ነበር። ቁስሉ ሲድን፣ ማታ ማታ፣ ያ ብረት የሚፈታበት ጣቱ ላይ ጠብታ አድርጎ ራሴን ያሽልኛል፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ እጁ ላይ ነበር። እናቴ ምስርና ጎመን ስታቀርብልኝ አንድ ዓመት ሞላ። ፀጉሬ መጣ። መጀመሪያ እንደ ጫጩት ላባ፣ ከዚያ እንደ ፀጉር። ያዳነኝ ዘይቱ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ዘይት ያለሰልሳል፣ እሬት ያቀዘቅዛል፣ ያነሰ ደም ግን አይሞሉም። እጁም ሳይረዳኝ አልቀረም ብዬ የማስበው ግን የእኔ ነው፣ ተዪልኝ። ሽንኩርቱ ያቃጠላት ቦታ ብቻ አልተመለሰችም።

ስለዚህ ምን ልቀባው ለሚለው ጥያቄሽ የእኔ መልስ ጥያቄ ነው። ታምመሽ ነበር? ወልደሻል? ሹሩባሽ ያምሻል? ደምሽን ታይተሻል? እነዚህን ከመለስሽልኝ በኋላ እሬቱንም ዘይቱንም እሰጥሻለሁ። ከእኔ ወንበር ላይ ደግሞ አመመኝ ያለች ሴት ፀጉሯ ይላላላታል፤ የማይወድ ሌላ ቤት ይሂድ።

አባቴ የሞተው ባቡሩ ቆሞ ሐዲዱ ላይ ሣር ከበቀለ በኋላ ነው። የእውነቱን። ጥሩንባው ሲነፋ ለአፍታ ያህል፣ ጆንያ ተሸክሞ ይገባል ብዬ በሩን አየሁ። ለቅሶው ሲሞቅ ሴቶቹ መቀስ ይዘው መጡ። ፀጉሬ ያኔ ወገቤ ላይ ነበር። አይሆንም አልኳቸው። አንዲት ልጁ ሆነሽ፣ እንዴት ያለ ድፍረት ነው፣ ሰው ምን ይላል አሉ። "ተላጭቼለታለሁ" አልኩ። ወጣቶቹ አልገባቸውም፤ ሐዘን ያዞራት መሰላቸው። እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሽበቷን ፈትታ፣ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

እትዬ ከጥግ ተነሡ። በከዘራ ነበር የሚሄዱት። መቀሱን ከሴትየዋ እጅ ወሰዱና የተቀመጥኩበት ፍራሽ ሥር ወሸቁት። "ሰውየው አውግዘው ሄደዋል" አሉ። ከዚያ ከኋላዬ ተቀመጡ። ለአባት የማትላጭ ልጅ ፀጉሯን መፍታት አለባትና ሹሩባዬን መፍታት ጀመሩ። ያ ሽቦ ጣታቸው አሁን በቀስታ ነበር የሚፈታው። አንዷን ፈትተው ወደሚቀጥለው ሲሄዱ፣ ጣታቸው ያችን ባዶ ቦታ አገኛት። እዚያ ላይ ቆመ።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

"አመምኩሽ?" አሉኝ።

ያን ያህል ዘመን ያን ሁሉ ራስ ሲሠሩ ይህን ጥያቄ ማንንም ጠይቀው አያውቁም ነበር። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንባ አልወጣኝም ነበር። ያኔ ወጣኝ።